ወንጪን በሶፍ ኡመር

ጸዳለ ከማስፋቂያው እንደተመለሰች እያፏጨች ሻንጣዋን ትሞላ ጀመር። ባሏ ይርዳው ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ ፈንጥዛ አይቷት አያውቅም።

«ሶፍ ኡመር ልገባ ነው! ወንዙ ዋሻ ለዋሻ ሲፈስ በዓይኔ ላየው ነው!»

ሕጉን አገር ያውቀዋል። አዲስ ቦታ ለማየት የሚሻ ሰው ቀድሞ ካየው አንዱን ከአእምሮው ያስፍቃል።

«የትኛውን ሰጠሽ?»

«ወንጪ የሚባል ነበረኝ አሉ፤ እሱን።»

«ወንጪን? ሌላ አጣሽ?»

«ታዲያ ባሌን ልስጥ? ቀይ ቀበሮውን መች ጠገብኩት? አንተ እዚሁ ሶፋህ ላይ ተጎለት። እኔ አገሬን ሳላይ አፈር አልገባም። ደግሞስ ወንጪ ላይ ምን የሚቆጭ ነገር ነበረኝ?»

ይርዳው ጎንበስ ብሎ ሻንጣዋን ዘጋላት። ሳይጋቡ በፊት፣ ወንጪ ላይ፣ የተከራየችው ፈረስ ይዟት ሲሸመጥጥ እሷ በሳቅ ስትፈርስ አይቶ ነበር ልቡ የሸፈተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ደጅ የተጓዦቹ መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ጸዳለ እየዘለለች ወጣች። ይርዳው የረሳችውን ሻርፕ ይዞ እስከ በሩ ተከተላት።

«ጋላቢት!»

ፈጥና ዞረች፤ ግራ ቀኙን አማተረች።

«ማናት እሷ?» አለች ፊቷ እንደበራ። «እሷም ሶፍ ኡመር ነው የምትሄደው?»