ሎጉ የቆመበት ከሰዓት

መጀመሪያ የአርቦዬ ቅርንጫፍ ዝም አለ፤ የዲክሲስም ተከተለ። ከገበሬዎቹ ዩኒየን ቅርንጫፎች የእህል ግዢ ሲስተም የሚላከው ሎግ፣ ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ አሰላ ባለው ሰርቨር ላይ መሰብሰብ የጀመረው ገና ጠዋት ነበር። የሰርቨሩ ባለሙያ ፈናን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ተበላሸ እንዴ?»

«ቆይ ጋሼ፣ ልደውልላቸው።»

የዲክሲሱ ሠራተኛ ስልኩን አነሳ።

«ምን ነክታችሁ ነው ሎጉ የቆመው?»

«ኧረ ምንም አልነካንም፣ እህቴ! መብረቅ ሲያስፈራን ሶኬቱን ነቅለነው ነው።»

«መብረቅ በመጣ ቁጥር ትነቅላላችሁ? ልጆች ናችሁ እንዴ?»

ተናግራ ሳትጨርስ ነጎድጓድ የአሰላውን ቢሮ ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው።

«ምን አሉሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

 ስክሪኑ ጨልሟል። ከግድግዳው የተነቀለው የሰርቨሩ ሶኬት ፈናን እጅ ላይ ነበር።