እስከ ነገ ጎህ

ያለምወርቅ የተረት መጽሐፉን ይዛ ሰሌዳው ፊት ስትቆም፣ ከእሷ በቀር አባቷ መሞቱን ያልሰማ ልጅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶውን የሚያረዱት ዘመድ ከአዘና ከተማ ሲደርስ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፤ እስከዚያ ለቤተሰቡ ትንፍሽ የሚል የለም። ሩቅ አገር ተምሮ ለተመለሰው መምህር ይህ ነገር አልተዋጠለትም። ቢሆንም ልጅቷ ሳትገባ፣ "ዛሬ በያለምወርቅ ላይ የሚስቅ ወዮለት!" ብሎ ክፍሉን አስጠንቅቆ ነበር።

"አህያዋ... ወንዝ... ወረደች" አለች፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች። "አህያዋ ጅቡን... በላችው።"

መጽሐፉ የሚለው "አየችው" ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ ስሜነሽም ከፊት ወንበር ተነስታ፣ "ኧረ ይቺን አህያ ለእኛም ሰፈር አውሷት!" ትል ነበር። ያለምወርቅ ስህተቷ ገብቷት ራሷ ፈገግ አለችና ሳቃቸውን ጠበቀች። አንድም ልጅ አልሳቀም።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አለች።

"ቀጥይ፣ ጎበዝ" አላት መምህሩ፣ ቶሎ ብሎ። ጎበዝ ብሏት አያውቅም።

ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ። መምህሩን አየችው፤ ያቀረቀሩትን ልጆች አየቻቸው። ከዚያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ስሜነሽ ዞረች።

"ስሜ፣ ሳቂብኝ እንጂ" አለቻት፣ እየለመነች።

ስሜነሽ ልትስቅላት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለቅሶ ነበር።