የገንዳው ውሃ

ትርንጎ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ ቦታ፣ በላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ ባለው የገንዳ ውሃ ላይ ሰላጣ ታለማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ታናሽ ወንድሙ ጌጡ «ቦታው የኛ ነው» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷታል። የዚያን ቀን ጠዋት ገንዳውን አጥባ፣ አዲስ ውሃ ሞልታ፣ ማዳበሪያውን በጥብጣ፣ የተንሳፈፈውን ሰላጣ እያነሳች እንደ ጥጥ የነጣውን ሥር ስታይ የላስቲክ ቤቱ በር ተበረገደና ጌጡ መጥረቢያ ይዞ ገባ።

«ዛሬ ከነሰላጣሽ ትነቀያለሽ!» ብሎ የውሃውን ቱቦ ለሁለት ከፈለው።

«ጌጡ፣ ተው!» ብላ ክንዱን ያዘችው። በጥፊ አላጋት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። መጥረቢያውን እንደገና ሲያነሳ እርጥቡ ወለል አንሸራተተውና ግንባሩ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ትርንጎ አላመነታችም። ጀርባው ላይ በጉልበቷ ወጥታ ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ ደፈቀችው። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ የዋጠችው ስድብና ዱላ ሁሉ እጇ ላይ ወጣ። ጌጡ ተፈራገጠ፤ ውሃው ተንቦጫረቀ፤ ከዚያ እየደከመ መጣ።

ድንገት ፀጉሩን ጨምድዳ ጎትታ አወጣችው። ወለሉ ላይ ተዘርሮ እየሳለና እያለቀሰ፣

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ማርሽኝ» አላት።

እሷ ግን አላየችውም። ከግንባሩ የፈሰሰው ደም በነጩ ሥር መሃል ሲሰራጭ እያየች፣ ተንበርክካ የገንዳውን ማፍሰሻ መፍታት ጀመረች።

«ማን ማረህ?» አለችው ቀና ሳትል። «ደምህ ሥሩን እንዳያበሰብስብኝ ነው።»