ነፍስ ዝሩባቸው

እኛ ጋራዥ አሮጌ ላስቲክ ከብረት ላይ ማንሳትን «መግፈፍ» ነው የምንለው፤ እንደ በግ ቆዳ። አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን ለማስታወሻ ግቢው ያቆመውን አሮጌ ታንክ ጎማዎች፣ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ማለቴ ነው፣ አምጥቶ «እባካችሁ ነፍስ ዝሩባቸው» ሲለን እኔና የሚስቴ ወንድም ገፈፍናቸው። ኧረ ክርፋቱ! የከረመ ሞራ የመሰለ ዝልግልግ ነገር በቢላዬ እየተጎተተ ጥፍሬ ሥር ገባ። ማታ ቤት ስገባ ሚስቴማ «ምን የሞተ ነገር ተሸክመህ መጣህ?» ብላ ትራሷን ይዛ ሳሎን ተኛች።

ትናንት አዲስ ላስቲክ አልብሰን፣ ምድጃ ውስጥ አብስለን አወጣናቸው። ትርፉን ስከረክም ቢላው አዳለጠኝና አንዱን ጎማ ሰነጠቅኩት።

«ወይ ጣጣ! ሰውየው ነገ ሊረከብ ነው እኮ!» አልኩ።

የሚስቴ ወንድም ሳቀ። «ነፍስ ዝሩባቸው ተብለን የለ? ተወው፣ ራሱ ይድናል።»

ዛሬ ጠዋት ስንገባ ጎማዎቹ ግድግዳው ሥር እንደደረደርናቸው ናቸው። ስንጥቁን ልደፍን ጎንበስ ብል ቅርፊት ይዟል። ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ መግል አዝሏል። ዙሪያውን ስነካው ይሞቃል።

«ሙጫ ቀብተኸው ነው?» አልኩት።

«እኔ? ኧረ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ይሄ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!» ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥ ሳደርገው፣ ግድግዳው ሥር የተደረደሩት ጎማዎች ሁሉ አንድ ላይ ሽምቅቅ አሉ።