የሚኒስትሩ እናት

«እዚህ ጋ ተመልካቹ አንድ ነገር ይግባው» ይላል ደራሲው፣ ከመድረኩ ሥር ቆሞ፣ ጀርባውን ለባዶው አዳራሽ ሰጥቶ። «ይሄን ልጅ ከመበላሸት ያዳነው ጥይት ነው። ባይሞት ኖሮ እሱም እንደ ገዳዮቹ ይሆን ነበር።»

ሌላ ጊዜ ይህን ሲል ተዋንያኑ ይስቃሉ። ዛሬ የሚስቅ የለም። ሁሉም በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ኋላ ያያሉ።

ዞር ሲል ጥበቃው ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከጎኑ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«የልጁ እናት ነኝ አሉኝ» ይላል ጥበቃው። «እንዴት ብዬ ልከልክል?»

ቴአትሩ ላይ ስሙ ቢቀየርም ልጁን የማያውቅ የለም፤ የተማሪዎቹን አመፅ የመራው፣ አመፁ ሲከሽፍ አደባባይ ላይ የተገደለው ተማሪ ነው። ደራሲው ደግሞ አመፁ ተሳክቶ ቢሆንስ ብሎ ነው የጻፈው። በእሱ ቴአትር ልጁ ያሸንፋል፣ ሚኒስትር ይሆናል፣ ያረጃል፣ ይበላሻል። እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ያውቅ ነበር። ሰፈራቸውን እንኳ ሰዎች ነግረውት ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ሊጠይቃቸው ሳይሄድ ቀረ።

ፊቱ ይግላል። «እማማ፣ ልምምድ ላይ ነን እኮ። ገና አላለቀም።»

«አውቃለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። ‹ልጅዎ ቴአትር ላይ ሚኒስትር ሆነዋል› አለችኝ። ሆነዋል!» ይላሉ። «ቀጥሉ፤ እኔ አልረብሽም።»

ቅድም ያለውን ሰምተው ይሁን አይሁን ከፊታቸው አይነበብም። እምቢ የሚልበት አፍ ያጣል። «ከሚኒስትሩ መግቢያ እንነሳ» ይላል ወደ መድረኩ ዞሮ።

ተዋናዩ ከኮምፔንሳቶ በተሠራው በር ይገባል። ሸሚዙ ሥር ባሰረው ትራስ ሆዱ ተነፍቷል፤ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሷል። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ይቀመጣል። ፀሐፊዋ ሆና የምትጫወተው ልጅ ተከትላው ትገባና ተማሪዎች ውጭ ተሰልፈው ያነጋግሩን እያሉ መሆኑን ትነግረዋለች።

ሚኒስትሩ ሰዓቱን ያያል። «ምሳ ሰዓቴ ነው። በትኗቸው። እምቢ ካሉ ተኩሱ።»

ደራሲው ከጻፈው ሁሉ በዚህች ቦታ ይኮራ ነበር። አሁን ቃሉ አዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ አንገቱን ይደፋል።

ከኋላ ወንበር ሲጥ ይላል። እናትየው በረድፎቹ መሀል ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይመጣሉ። ስድብ ይጠብቃል። ቢሰድቡት በወደደ።

«ሆዱ ከየት መጣ?» ይላሉ ተዋናዩን እያዩ። «በአባቱም በኔም ወገን ወፍራም የለም።»

«ትራስ ነው፣ እማማ።» ተዋናዩ ሊያወጣው እጁን ወደ ሸሚዙ ይሰዳል።

«ተወው፣ ተወው። ደስ ይላል። በልቷል ማለት ነው።» ፈገግ ይላሉ። «ስንት ልጅ አለው?»

ደራሲው ስለ ልጅ የጻፈው አንድም ነገር የለም። ተዋናዩ ይቀድመዋል።

«ሦስት፣ እማዬ። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ወደ ደራሲው ይዞራሉ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«አሳድገህልኛል። እኔ እንኳ ሽማግሌ ሆኖ ሳስበው መልኩ አልመጣ ይለኛል።» ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ ያደርጋሉ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እነዚያን ልጆች ተኩሱባቸው ሲል እኔ የት ነበርኩ?»

«እርስዎ?»

«እናቱ ነኛ! ዝም ብዬ አየዋለሁ? ቢሮው ድረስ ሄጄ ኮሌታውን ነበር የምይዘው። ሚኒስትር ቢሆን ለኔ ምኔ ነው?»

ፀሐፊዋ ትስቃለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች።

ደራሲው የት እንደነበሩ ያውቃል። መጀመሪያ ሲጽፍ እናት ነበረችበት። በገባች ቁጥር ልጇን እየገሠጸች፣ እያስለቀሰች፣ ከክፋቱ እየመለሰች አላስኬድ አለችው። ሚኒስትሩ አልበላሽ አለ። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ገደላት፤ ፀሐፊዋ ለእንግዳ «እናታቸውም ካረፉ ቆዩ» ትላለች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እሱ እንዳለው ሆነ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«በድርሰቱ ላይ… ማለቴ…» ይላል። «አርፈዋል።»

«እኔ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ሞቼ እሱ ኖረ?»

ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳል። በእናትየው ፊት ላይ የሚፈራውን ቁጣ ይፈልጋል፣ አያገኘውም።

«እንደሱ ነበር መሆን የነበረበት» ይላሉ ቀስ ብለው። «እሱ ነው የቀበረኝ?»

ይህንንም አልጻፈም። ተዋናዩን ቢያየው ተዋናዩ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ይሰብራል፤ በዚህኛው አያግዘውም።

«እሱ ነው» ይላል ደራሲው።

«እግዜር ይስጥህ።» ፊተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። «እስቲ የሚገባበትን ቦታ አንዴ ድገሙልኝ። መናገሩ ይቅር።»

ተዋናዩ ማንም ሳያዘው ይወጣና በሩን ከፍቶ ይገባል። ይቆማል። እናትየው ከሩቅ ለመጣ ሰው እንደሚነሱት ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ተዋናዩ እንደገና ይወጣል።

ደራሲው እንዳያዩት ብሎ መብራት ወደሌለበት ግድግዳ ይጠጋል። ከዚያ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ የሚለው።