አፏን የፈታችበት ቋንቋ

ምጡ የጀመራት የሰፈሩ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ የ«እነዚያን» ቋንቋ የሚናገር ሰው በሚፈልጉበት ሰሞን ነበር። የተገኘ ይወሰዳል፤ የተወሰደም አልተመለሰም። የእነዚያ ልጅ መሆኗን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ለሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበታል። አጠገቧ ያሉት አማቷ እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ የእነዚያ ነገር ሲነሳ መሬት ላይ እንትፍ የሚሉ።

ምጥ ሲጸና ሴት የምትጣራው አፏን በፈታችበት ቋንቋ ነው ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

«ምነው፣ ድንጋይ ልትወልጂ ነው እንዴ?» አሉ አማቷ ወገቧን እያሹ። «ጩኺ እንጂ። ማርያምን ጥሪያት።»

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ውስጥ ማን አለ?»

«ወላድ አለች። ወንድ አይገባም፤ እዚያው ቁሙ።»

ሕፃኑ የገፋው ያን ጊዜ ነው። ሳታስበው በራሷ ቋንቋ «እናቴ» ብላ ጮኸች።

አማቷ አፏን በመዳፋቸው አፈኑና «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ቤቱን በጩኸት ሞሉት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው በዚያው በእነዚያ ቋንቋ አንሾካሾኩ።

«ጋቢውን ንከሺ፣ ልጄ። ባልሽን ስወልድ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።»