የጎን አልጋው ሳል

ነርሷ ስትነግራት ልጅቷ ቁጭ ማለት እንኳን አልቻለችም። አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ከድቷቸዋል፤ መዋጥም ያስቸግራቸዋል። ነርሷ ዕድሜያቸውን፣ አዋዋጣቸውን፣ የሽንት ቱቦውን ሁሉ አይታ፣ እዚሁ ሆስፒታል እያሉ የሳንባ ምች ሊይዛቸው እንደሚችል ነገረቻት። ከክፍሉ ሰው ሁሉ የሚያሰጉት እሳቸው ናቸው። ከያዛቸውም ለመነሳታቸው እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ትራሳቸው ከፍ ይበል፣ ምግቡ በትንሽ በትንሹ ይሁን፣ ትን እንዳይላቸው አለቻት።

ልጅቷ ከዚህ ሁሉ «ይይዛቸዋል» የሚለውን ብቻ ይዛ ቀረች። የሚይዝ ነገር ደግሞ ከሰው ነው የሚመጣው።

ከጎን ያለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ጠያቂ የላቸውም። እንደምን አደሩ ስትላቸው አይመልሱም፤ ዓይናቸውን ያፈጡባታል። ከዚያ ይስላሉ። ሳላቸው አልነሳ ያለ አሮጌ መኪና ነው። ሞተር ብላ ስም አወጣችላቸው።

ሥራዋ ሞተርን መጠበቅ ሆነ። የአልጋውን ብረት ትወለውላለች፤ መጋረጃውን ትስባለች፤ ሽማግሌው በደህናው እጃቸው መልሰው ይገልጡታል። አባቷን ሾርባ ማጉረስ ስትጀምር ሳሉ ይብሳል። ነርሷ እየሮጠች ትመጣና ቀጥታ ወደ አባቷ ሄዳ ቀና ታደርጋቸዋለች፤ አፋቸውንም ትጠርጋለች። እሷስ ገብቷታል ብላ ልጅቷ ደስ ይላታል።

ጡቷ ሲወጥር ደግሞ ወደ ታች ትበራለች። ሕፃን ማስገባት ስለማይፈቀድ አማቷ ልጇን ታቅፈው በር ላይ ይጠብቃሉ።

«ዛሬስ ሞተሩ ተነሳ?» ይላሉ አማትየው።

ምግብ ሲያይ ነው የሚነሳው፣ ቀላዋጭ ነው ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ። ግን ልጁ ጠግቦ ሳይለቅ ነጥቃው፣ እሱ ሲያለቅስ እሷ ደረጃው ላይ ናት። ላይ ስትሆን ልቧ ታች ነው፤ ታች ስትሆን ላይ።

ነርሷ እረፍት የወጣች ዕለት ልጅቷ ለክፍሉ ኃላፊ አለቀሰች። እኔ የማጠባ ሰው ነኝ፣ የዚህ ሰውዬ ሳል አባቴን ጨርሶ ወደ ልጄም ሊሄድ ነው አለች። ኃላፊው የሚያጣራበት ጊዜ አልነበረውም። ሽማግሌውን ወደ ዳር ክፍል ይውሰዷቸው አለ። አልጋቸው ሲገፋ እጅጌዋን ጨምድደው ያዟት። አስለቀቀቻቸውና ሄዳ እጇን ታጠበች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ቀን ልጇን እስኪጠግብ አጠባችው፤ አቅፋውም ትንሽ አንቀላፋች። ስትመለስ አባቷ ከትራሳቸው ተንሸራተው ተኝተዋል። እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብላ ሳትነካቸው ቀረች።

በማግስቱ ሰውነታቸው እሳት ሆነ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለ፤ ኦክስጅን አስገጠመላቸው። ልጅቷ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ እግራቸው ሥር ትቆማለች።

ነርሷ ከእረፍት ተመልሳ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን አልጋ ነው። የት ሄዱ ብላ ጠየቀች።

«ወደ ዳር ክፍል አስወጥቼዋለሁ፤ ግን ዘገያችሁ» አለች ልጅቷ። «ያንን ሳሉን አባቴ ላይ አጋብቶ ሄደ።»

ነርሷ የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከለች፤ ትራሱን ከፍ አደረገች።

«ሽማግሌው እኮ ሳል የለባቸውም፤ እሳቸውንም ስትሮክ መትቶ አንደበታቸውን ይዞት ነው» አለች። «አባትሽን ትን ባላቸው ቁጥር እኛን የሚጠሩን እንደዚያ ነበር።»